አንድ ሰው ጎድሎናል

እናቴ ስኳር እንዳለባት በተነገራት ሳምንት ሐኪሟ «በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ» ብሎ የጻፈላት ወረቀት ለስድስት ዓመት በማቀዝቀዣችን በር ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል፤ ቀለሙ ደብዝዟል። እናቴ ማቀዝቀዣውን በወለወለች ቁጥር ወረቀቱን በጥንቃቄ ታነሣውና ስትጨርስ ቦታው ላይ መልሳ ትለጥፈዋለች። የሐኪም ቃል ነውና ታከብረዋለች። በስድስቱ ዓመታት ውስጥ ግን ያንን 150 ደቂቃ የሞላችበት አንድ ሳምንት አላስታውስም።

የእኔም ኑሮ ከእሷ የተለየ አልነበረም። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ምሳዬን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ እበላለሁ፤ ማታ ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ደግሞ ሶፋው ይጠብቀኛል። የምንኖረው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ ልደታ በእግር የሚያስኬድ መንገድ መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለታክሲ የምሰለፍበት ጊዜ በእግሬ ብሄድ ከሚፈጅብኝ የሚበልጥባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ። ቢሆንም እሰለፍ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ለጤናው የሚመከረውን ያህል አይንቀሳቀስም ነበር። ከሴቶቹ 34 በመቶ፣ ከወንዶቹ 29 በመቶ። ይህን ያህል ሕዝብ በሙሉ ሰነፍ ነው ብዬ ለማመን ልቤ እምቢ ይለኛል። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ሰነፍ ተብላ አታውቅም። ልጆች አሳድጋለች፤ እንጀራ ጋግራ ሸጣለች፤ ውኃ ከሩቅ ቀድታ ተሸክማለች። ሰባ ሊሞላት ሦስት ዓመት ሲቀራት አንድ ወረቀት «ተንቀሳቀሺ» አላት። ወዴት እንደምትንቀሳቀስ፣ ከማን ጋር፣ ስለ ምን ብላ፣ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

አንድ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ወሰድኳት። ያንን ቦታ በዚያ ሰዓት ያላየ ሰው አዲስ አበባን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ሯጮቹ በሰፊዎቹ ደረጃዎች ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ፤ አንዱን እርከን ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይወጣሉ። ከታች ደግሞ አሠልጣኙ በድምፅ ማጉያ እየቆጠረ አምሳና ስድሳ ሰው እጁን ያነሣል፤ ያወርዳል። እናቴ ጋቢዋን ደርባ አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ለአንድ ሰዓት ያህል ተመለከተቻቸው። «ሲያምሩ!» አለች። መረቀቻቸው። ከዚያም «በይ ልጄ፣ ብርዱ ሳይገባኝ እንሂድ» አለችኝና ተመለስን።

ያን ቀን ተናድጄባት ነበር። ዛሬ ሳስበው ተሳስቼ ነበር። እዚያ አደባባይ ላይ እናቴን የሚጠብቃት ማንም አልነበረም። ብትቀመጥም ብትነሣም የሚጎድል ነገር የለም። እኛ ኢትዮጵያውያን የሯጮች አገር ሰዎች ነን እያልን ሯጮችን ማየት የለመድን ነን፤ የሚያምር ነገር ስናይ ቁጭ ብለን እናደንቃለን፣ እንመርቃለን፣ እናለቅሳለንም። እናቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ነገሩን የቀየረችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እናቴ ከሕንፃችን በር ፊት ለፊት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላው ጎረቤታችንን ታጫውታለች። ልጆቹ በሁለት መኪናዎች መካከል በተረፈችው ቦታ ላይ ገመድ ይዘላሉ። ከሚያዞሩት አንዱ ለምሳ ተጠርቶ ሄደ። ልጅቷ የተተወውን የገመድ ጫፍ ይዛ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ከዚያ በቀጥታ እናቴ ዘንድ መጥታ «እማማ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል። ይያዙልን» አለቻት።

እናቴ ተያዢ አልተባለችም፤ ያዢ ተባለች። የገመዱን ጫፍ ተቀበለች። በመጀመሪያ ተቀምጣ ልታዞር ሞከረች፤ ገመዱ ከፍ አልል ብሎ የልጆቹን አንገት መታ። ልጆቹ ጮኹባት። ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመችና በሙሉ ክንዷ ታዞር ጀመር። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። እናቴ ስትቆጥር ሰማኋት፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፤ ድምፅዋ ከልጆቹ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። የልጁ ምሳ እስኪያልቅ፣ ከዚያም ሌላው ልጅ ውኃ ጠጥቶ እስኪመለስ፣ ከዚያም ተራው የማን እንደሆነ ተጨቃጭቀው እስኪስማሙ ድረስ አዞረች። ደረጃውን ስትወጣ ፊቷ ወዝቶ ነበር። በማግስቱ «ትከሻዬን ምን ነካብኝ?» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ በራችንን አንኳኩ።

አማርኛችን ስለዚህ ነገር አንድ የሚያስደንቅ ምስክር ይዟል። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ «ተጫወቱ» እንለዋለን፤ ተቀምጠው ያውሩ ማለታችን ነው። ልጅን «ሂድ ተጫወት» ስንል ግን ውጣ፣ ሩጥ፣ ላብህ ይውጣ ማለታችን ነው። ቃሉ ያው አንድ ነው። አንድ ዕድሜ ላይ ስንደርስ ከእኛ ጋር አብሮ ይቀመጣል። መቼ እንደተቀመጠብኝ ለማስታወስ ሞክሬ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሠርቼ በአንድ እግሬ የዘለልኩበት የመጨረሻ ቀን ነበረ፤ ሱዚ የተጫወትኩበት የመጨረሻ ቀን፣ «አልነጋም» ብዬ ከውኃ በርሜል ኋላ የተደበቅኩበት የመጨረሻ ቀን ነበረ። ማንም «ዛሬ የመጨረሻሽ ነው» አላለኝም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይሆናል። «አድገሻል እኮ» የምትለው ቃል በቂ ነበረች።

ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ያየ «ምን ደርሶበት ነው?» ይላል። ሴት ስትሮጥ ደግሞ ከጠያቂው ይልቅ አስተያየት ሰጪው ይበዛል። ከአራት ዓመት በፊት ቱታ ገዝቼ ከልደታ ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ ለመሮጥ ሞክሬ አውቃለሁ። ሁለት ጠዋት ሮጥኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጥግ ላይ የቆሙ ወጣቶች ስለ ሰውነቴ እየተቀባበሉ ተናገሩ፤ ሳቃቸው እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተለኝ። ቱታውን አጣጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሰው የማይንቀሳቀሰው ለምን እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች ይህችን ዓይነቷን ጠዋት እንዲቆጥሯት እመኛለሁ። ገመድ ሲዞር ግን የሁሉም ዓይን ገመዱ ላይ ነው። ሰውነቴን የሚያይ ሰው የለም፤ ገመዱን ነካሁ ወይስ አልነካሁም፣ ጥያቄው እሱ ብቻ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ትልቅ ነበር።

ደግሞስ አዋቂ ሰው መጫወቱ ነውር ነው ያለው ማን ነው? አባቶቻችን ገናን ሲጫወቱ ልጆች አልነበሩም። ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው፣ ሩሯን ለመምታት ሜዳውን እያካለሉ፣ መንደር ከመንደር ሆነው ሲጋጠሙ ተጫዋቹ ይህን ያህል ይሁን የሚል ቁጥር እንኳ አልነበረም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ከዚያ የወጣ ነው። በዚያች ቀን ጌታውም ሎሌውም አንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ዱላ ቢያርፍበት፣ ቢሰደብም ጌታው አይቆጣም። ጃን ሜዳ ላይ ይህ ጨዋታ ዛሬም በበዓሉ ሰሞን ይታያል። እኔ በልጅነቴ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ሽበታም ሰዎች ሲሮጡ ያየሁት ያኔ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከገመዱ ቀጥለን ሌሎች ጨዋታዎች ስናመጣ ከሁላችን የሚበልጡት በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ሆነው ተገኙ። አንዷ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት፤ ሱዚ ስትዘል እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። በሦስት ዓመት ውስጥ «እንደምን ዋልሽ» ከማለት በቀር ያላነጋገርኳት ልጅ «እትዬ፣ እግርዎን አጥፈው ነው እንጂ እንዲህ አይዘለልም» ብላ አስተማረችኝ። አንዳንድ አሠሪዎች አልወደዱትም። «ሥራዋን ትታ» የሚል ነገር በደረጃው ላይ ሰማሁ። ለአንዷ ጎረቤቴ ፊት ለፊት ነገርኳት፤ አልተስማማንም፤ እስካሁንም ሰላምታችን የቀዘቀዘ ነው። እነዚህ ልጆች እንቅስቃሴ አልጎደላቸውም፤ ከንጋት እስከ ማታ ይንቀሳቀሳሉ። የጎደላቸው ጨዋታ ነው። ስለ ጤና በምናወራበት ጊዜ ይህን ልዩነት ብንረሳው የምናዝን ይመስለኛል።

በዝናብ ወራት ካልሆነ በቀር አሁን በየእሑዱ ከሃያ ያላነሰ ሰው እንወጣለን። ሕጎቻችን በራሳቸው ጊዜ የመጡ ናቸው። «መሃረቤን ያያችሁ»ን የምንጫወተው መሬት ላይ ተቀምጠን ሳይሆን በርጩማና የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን ነው፤ እናቶች መሬት ከተቀመጡ በኋላ መነሣት ስለሚቸግራቸው። መሃረቡ የተጣለባት ሴት ከወንበሯ ትነሣለች፤ ታባርራለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጎረቤት አለን። የሽማግሌዎችን የእግር ጉልበት ለመለካት በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሡ እንደሚቆጥሩ የነገረን እሱ ነው። እናቶቻችን ይህንን ፈተና በአንድ እሑድ ስንት ጊዜ እንደሚወስዱት አያውቁትም። ዕድሜያቸው 65 ያለፈ ሰዎች ጉልበትንና ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲያደርጉ ይመከራል፤ መውደቅ አጥንት ይሰብራልና።

ማባረሩ ደግሞ በእርምጃ ብቻ ነው። አንድ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ የሮጠ ቦታውን ያጣል። ይህንን ሕግ የፈጠርነው እኛ ነን ብለን ስንኮራ የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነው የወንድሜ ልጅ በእንግሊዝ አገር ቼስተርፊልድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች እየተራመዱ የሚጫወቱት እግር ኳስ እንዳለ ነገረን። ሩጫ የተከለከለበት ኳስ! ሰምተን ደስ አለን። ሩቅ አገር ያሉ ሽማግሌዎችም እንደኛው አስበዋል ማለት ነው። ሩጫን ሲከለክሉት ጨዋታው ይቀዘቅዛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይልቁንም ባሰበት። ሁለት ሴቶች በፍጥነት እየተራመዱ፣ ሮጠሻል አልሮጥኩም እየተባባሉ ክቡን ሲዞሩ የሚሰማው ሳቅ እስከ ልደታ ባቡር ጣቢያ ሳይደርስ አይቀርም።

ስለ ደቂቃዎቹም መጨነቅ ትተናል። ድሮ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ያልተደረገ እንቅስቃሴ አይቆጠርም ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ይህ ገደብ ቀርቷል፤ አጭሩም ረጅሙም ይቆጠራል። ለጨዋታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጨዋታ መቆራረጥ ተፈጥሮው ነውና። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይጨቃጨቃል፣ እንደገና ይጀመራል። ልከኛ የሚባለው እንቅስቃሴ መናገር እየተቻለ መዝፈን የሚያቅትበት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ያለ ምንም መሣሪያ ይታወቃል፤ ዘፈኑ በመካከል ይቋረጥና ወሬው ብቻ ይቀራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ ማንም «በቃኝ» ሲል አይለመንም። ወንበሩ አለ፤ ቡናው አለ፤ ሲሻለው ይመለሳል።

ስለ ስኳሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንዲህ አስረዳን፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ውስጥ ይስባል፤ በዚያ ሰዓት ኢንሱሊንን እንኳ የግድ አይጠብቅም። ለዚህም ነው ከምግብ በኋላ የሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴ የሚጠቅመው። ነገር ግን መርፌ የሚወጉ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል እናቴ ሁልጊዜ ከረሜላ በመቀነቷ ትቋጥራለች፤ ልጆቹም ይህንን ደርሰውበታል። ደረቱን የሚያመው ወዲያው ያቆማል፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በነጠላ ጫማ መጫወት ክልክል ነው። እናቴ መድኃኒቷን አላቆመችም፤ በጨዋታ ስኳር ተፈወሰ ብዬ አልጽፍም። ደረጃውን ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማረፏን ግን ትታለች።

በመካከሉ ነገሩን ልናጠፋው ምንም አልቀረንም ነበር። ሰው ሲበዛ አንድ ጎረቤታችን በቅን ልቦና «እናደራጀው» አለ። መዝገብ ተከፈተ፤ ወርኃዊ መዋጮ ተወሰነ፤ አሠልጣኝ መጣ፤ ድምፅ ማጉያ መጣ። ያልመጣ ሰው ስሙ ተጠራ። አንድ ዓይነት ቱታ ለመግዛት ገንዘብ መሰብሰብ ተጀመረ። አሠልጣኙ ጎበዝ ወጣት ነው፤ የሚያሠራውም ስፖርት ትክክለኛ ነበር። በወሩ መጨረሻ ግን የቀረነው ስምንት ሰዎች ነበርን፤ ስምንታችንም ድሮም ቢሆን ስፖርት መሥራት የሚወዱ ወይም በእኔ የተገፉ ሰዎች ነበሩ። መዋጮው ለከበዳት እናት ቱታው የባሰ ሸክም ነው። እናቴ እንደ መስቀል አደባባዩ ዳር ተቀምጣ መረቀችን። ማስ ስፖርት የሚወደው ይሠራው፤ እኔም በየአደባባዩ የሚሠራውን አከብራለሁ። ያልተንቀሳቀሰ ሰውን ከቤቱ የሚያወጣው ግን መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም አይደለም። ልጆቹ ገመዳቸውን ይዘው ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለው ሲጀምሩ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ሄዱ። አሠልጣኙም ሄደ። ዛሬ በሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ የሚያሸንፈው የለም።

ምድር ቤት የሚኖሩ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ጋሼ አሉን። ለብዙ ሳምንታት ከበራቸው ላይ ሆነው ተመለከቱን። እኛም አፍረን አልጠራናቸውም፤ «ምን አድርጉ ልንላቸው ነው?» እያልን። የጠሩን እሳቸው ናቸው። «አበበ ቢቂላን ታውቁታላችሁ?» አሉ። ሁላችንም ሮምን አነሣን፤ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ባዶ እግሩን ማራቶን ያሸነፈበትን። «ከዚያ በኋላስ?» አሉ። ቶኪዮን አነሣን። «ከዚያ በኋላስ?» ዝም አልን። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ አበበ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት መወርወሩን ነገሩን። «እግሩን ያጣ ሰው መጫወት የተወ ይመስላችኋል» አሉን። ያን ዕለት ከካልሲ ኳስ ሠራን። ዒላማው ባዶ ባልዲ ነው። ጋሼን በባልዲ ውርወራ እስካሁን የረታቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ብርሃን ዓይናቸው ላይ አርፎ ነበር ይላሉ።

ከተማችን እንዲህ ያለውን ደስታ አታውቀውም ማለቴ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ለሩጫ የወጣ መስሎት የነበረ ሰው ሁሉ ጨዋታ ሆኖ አግኝቶታል፤ ዛሬ ለሩጫው ከሚወጣው ሰው ብዙው እየዘፈነ፣ ውኃ እየተረጫጨ፣ ከሠፈሩ ልጆች ጋር ተያይዞ የሚሄድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በወሩ መጨረሻ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ አስፋልት መሀል ቆሜ በልጅነቴ እንኳ ያልተሰማኝ ነፃነት ተሰምቶኛል። እነዚህ ቀኖች ያምራሉ። ነገር ግን አንዱ በዓመት፣ አንዱ በወር ነው፤ ሕይወት ደግሞ በየዕለቱ ነው። እናቴ ብትቀርም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሮጣል። ገመዱ ግን በአንድ ጫፍ አይዞርም።

አክስቴ ሠፈሯ ፒያሳ ነበር። መንደሩ ሲነሣ ከመሀል ከተማ ርቆ በሚገኝ ሕንፃ ቤት ተሰጣት። ዛሬ ፒያሳ ስትሄዱ የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፤ የብስክሌቱ መስመርም ያምራል፤ እኔም ማምሻውን እዚያ መራመድ እወዳለሁ። አክስቴ ግን አዲሱ ሠፈሯ ከገባች ጀምሮ ከቤት መውጣት አቁማ ነበር። ድሮ በየቀኑ አቀበቱን ወጥታ ወርዳ፣ አምስት ቤት አንኳኩታ፣ እድርተኛ ጠይቃ የምትመለስ ሴት ናት። ያ ሁሉ እንቅስቃሴ እንደነበር ያወቅነው ሲቀር ነው። እግሮቿ ደህና ናቸው፤ የሚጠሯት ሰዎች ናቸው የተበተኑት። ባለፈው ፋሲካ ስንጠይቃት እናቴ የገመድ ጥቅል በዘንቢል ይዛ ሄደች። የሕንፃውን ልጆች ሰብስባ ገመዱን ሰጠቻቸውና በጣቷ ወደ አክስቴ መስኮት አመለከተች። «ሰው ሲጎድላችሁ እዚያ አንኳኩ» አለቻቸው። ማንኳኳታቸውን አክስቴ ራሷ በስልክ ነገረችን፤ እየተማረረች ነበር የነገረችን፤ ደግሞም አሥር ጊዜ ደገመችው።

ባለፈው ሳምንት የእናቴ የክትትል ቀጠሮ ነበር፤ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት፤ ከፊቷ ያለውን ቅጽ እየሞላች «እናቴ፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ለስድስት ዓመት እናቴ ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ አንገት መድፋት ነበር።

«ገመድ አዞራለሁ» አለች።

ነርሷ ብዕሯን አቆመች። «ይዘላሉ?»

«አልዘልም። አዞራለሁ።»

«እንዴት ነው እሱ?»

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጠምዝዛ ገመድ አደረገችው፤ አንዱን ጫፍ በእጇ ጨብጣ ሌላውን በጠረጴዛው ላይ ወደ ነርሷ ዘረጋችው።

«እስቲ ያዢልኝ፣ ልጄ» አለቻት።